ከፋጋን አሳማ ቤት የተወሰደው ድንጋይ

ዴሊያ ቶርሚ ስትናደድ አትጮህም። እጇን በሽርጧ ትጠርግና ፊት ለፊት መጥታ ትቆማለች፤ የምትለውን ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እናቷ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ በነበረችባቸው ዓመታት አንድ ቀን ሐኪሙ መጣ። አሮጊቷን አይቶ ሲጨርስ በር ላይ ቆሞ ስለ ምግቧና ስለ እንቅልፏ ክሪስቲን፣ የዴሊያን ወንድም፣ መጠየቅ ጀመረ። ክሪስቲ እናቱ መኝታ ቤት ብቅ የሚለው እሁድ እሁድ ነበር። ዴሊያ የሽንት ዕቃውን እንደያዘች መሃላቸው ገባችና፣ "ዶክተር፣ ስለ ጥጃ ከሆነ እሱን ይጠይቁ። ስለ እናቴ ግን እኔን ይጠይቁኝ" አለችው።

ታላላቅ እህቶቿ ሁለቱም ቦስተን ገብተዋል። የእሷም ሻንጣ ተገዝቶ ነበር፤ እናቷ የወደቀችው በዚያው ሰሞን ነው። ወንድም ቢኖርም እናትን የምታስታምመው ሴት ልጅ ናት ተባለ፤ ማን እንዳለው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን ተስማማበት። ዴሊያ ቀረች። ጎህ ሲቀድ ላሞቹን ታልባለች፣ ጥጃዎቹን ታጠባለች፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሄዳ ድንች ስትልጥ ትውላለች። የወተት ፋብሪካው ክፍያ የሚመጣው በክሪስቲ ስም ነው። ሰፈርተኛውም "የክሪስቲ ላሞች እንዴት ያለ ወተት ይሰጣሉ!" ይላል። እኔ ክሪስቲ ላም ሲያልብ አይቼ አላውቅም።

ሥራዬ ጣሪያ ነው። ያን መስከረም የቶርሚዎችን ጣሪያ እየጠገንኩ ነበር። ዐውሎ ነፋስ የነቀላቸውን የጣሪያ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አንድ በአንድ አውጥቼ፣ የዛገውን ሚስማር በመዳብ ሚስማር እየቀየርኩ ሳለሁ አንዲት የኪራይ መኪና ግቢው ውስጥ ገባች። ሰባ ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ወረደች። ክሪስቲ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

"እግዚአብሔር የዚህን ቤት ሰዎች ሁሉ ይጠብቅ!" አለች።

መዶሻው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ያን ሰላምታ የሚያውቁት ሽማግሌዎች አፈር ከገቡ ቆይተዋል። አነጋገሯ ደግሞ ቁርጥ የሟቿ የክሪስቲ እናት! አሁን የእኛ ልጆች እንኳ እንደዚያ አይናገሩም።

"ማርታ ቶርሚ እባላለሁ" አለች። "የመጣሁት ከአርጀንቲና ነው። አያቴ ላሪ ቶርሚ እዚህ ሰፈር ተወልዶ በግ ሊያረባ ወደ እኛ አገር የሄደ ሰው ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እንግሊዝኛም ያስተማረኝ እሱ። የተወለደበትን ቤት አንድ ጊዜ አይቼ ልሙት ብዬ ነው። እሁድ ከሰዓት ወደ አገሬ እመለሳለሁ።"

ክሪስቲ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። "ላሪ? ላሪ የሚባል ሰው ከእኛ ዘር አልወጣም፣ እሜቴ።"

"ሌሎች ቶርሚዎች አሉ?"

"ነበሩ። ከእኛ ጋር አይዛመዱም። አልቀዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ያቻትና ቤታቸው" ብሎ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፍርስራሽ አሳያት።

ያ ፍርስራሽ የጎረቤቶቹ የፋጋኖች አሳማ ቤት ነበር።

ሴትዮዋ ሳማውን እየጣሰች ገብታ ተንበረከከች። ግድግዳውን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ ሳመችው። ከዚያ አንድ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ፈልቅቃ በመሃረቧ ጠቀለለችና እያለቀሰች ክሪስቲን በእጇ ሰላም ብላ ሄደች። ክሪስቲ እጁን አወዛወዘላት።

ዴሊያ ባልዲ አንጠልጥላ ከላም ቤት ብቅ ያለችው ያኔ ነው።

"ማናት? ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?"

"ቱሪስት ናት" አለ ክሪስቲ።

ዴሊያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከመሰላሉ ወርጄ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ባልዲውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"የላሪን የልጅ ልጅ የአሳማ ቤት አስሳምካት?"

"ዝም በይ! መሬቱ እስከ ዛሬ በቅድመ አያታችን ስም እንደሆነ ረሳሽው? የላሪ ዘር እዚህ ደጃፍ እግሩን ካስገባ ግማሹ ለማን ነው?"

"ሂድና በስምህ አስዙረው ብዬህ አፌ እስኪላጥ ነግሬህ የለም ወይ? ጠበቃው ይበላኛል እያልክ አንተ ሰነፍክ፤ የስንፍናህን ዕዳ የምትከፍለው እሷ ናት?"

"ስሚ፣ ዴሊያ። አንዲት ቃል ከአፍሽ ብትወጣ ዕቃሽን ይዘሽ ከዚህ ቤት ትወጪያለሽ። ቤቱ የእኔ ነው።"

ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ቦስተን ያሉት እህቶቿ አንዷ ሞታለች፣ አንዷ አትጽፍም። ሌላ መግቢያ የላትም፤ ይህንን ክሪስቲም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ባልዲዋን አነሳች። ሴትዮዋ የት እንዳረፈች እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ እንደልማዳችን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፈን ቆመናል። ማርታ ከሰው መሃል ወጥታ በቀጥታ ወደ ክሪስቲ መጣችና እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አቶ ቶርሚ፣ ያደረጉልኝን ውለታ እስክሞት አልረሳውም!"

"ክሪስቲ!" አለ ሚክ ፋጋን፣ የአሳማ ቤቱ ባለቤት። "በዚህ ዕድሜህ ምን አድርገህላት ነው?"

ሳቅ ሆነ። ማርታም ሳቀችና መሃረቧን ፈታ ለሚክ አሳየችው። "የአያቴ ቤት ድንጋይ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው።"

ሚክ ድንጋዩን አየ፣ ክሪስቲን አየ፣ የራሱን ጫማ አየ። ማንም አልተነፈሰም። ያ ሁሉ ወንድ! ሁላችንም የማን ግድግዳ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሁላችንም የጎረቤትን የመሬት ጉዳይ መንካት ፈርተናል።

ዴሊያ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ መጣች።

"እሜቴ፣ ይህ የአሳማ ቤት ድንጋይ ነው። ላሪ የተወለደው እኛ ቤት ነው፤ ከትናንት ወዲያ የቆሙበት ደጃፍ። የአያቴ ታናሽ ወንድም ነው።"

ማርታ ድንጋዩን እንደያዘች ቀረች። "የአሳማ?"

"እውነቷን ነው" አለ ሚክ ቀስ ብሎ። "እዚያ ብዙ ነፍስ ተወልዷል፣ እሜቴ። ሰው ግን አልተወለደም።"

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ማርታ ድንጋዩን አጥሩ ላይ አኖረችውና ወደ ክሪስቲ ዞረች። "ለምን?"

"መሬቱ..." አለ ክሪስቲ። አንገቱ ቀልቷል። "ሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣው... እንግዲህ ይታወቃል።"

"መሬት?" አለች ማርታ። "እኔ እኮ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። አያቴም ቢሆን በጎቹን አንድ ድርቅ ጨርሶበት በሰው ግቢ አትክልተኛ ሆኖ ነው የሞተው። መሬት ምን አደርግበታለሁ?"

የክሪስቲ ፊት ወዲያው በራ። "ታዲያ ይህን በመጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ፣ ዘመዴ!"

"ነግራሃለች!" አለች ዴሊያ። "ደጃፍህ ላይ ቆማ የላሪን ስም ጠርታልሃለች። እናታችን ማታ ማታ መቁጠሪያ ስታስደግመን ማሳረጊያው ምን ነበር? 'ባሕር ማዶ ላለው ለላሪ' አልነበረም? እየተንበረከክህ የጸለይክለትን ሰው ካድከው፤ ለዚያ ሸምበቆ ብቻ ለሚያበቅል መሬት! አሁን የማትቀማህ መሆኗን ስታውቅ ዘመድ ሆነች? በል፣ አስወጣሻለሁ ብለኸኝ የለ? እነዚህ ሁሉ እየሰሙ ድገመው።"

ክሪስቲ አልደገመውም። ከዚያ በኋላም ደግሞት አያውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ እሱ ከማርታ ጋር በኪራይዋ መኪና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሜዳውን በጣቱ እያሳየ ነበር፤ ዴሊያ በእኔ የሥራ መኪና ከእኔ ጋር፣ ከመሰላልና ከሚስማር ሣጥን ጋር። እንደገባን ዴሊያ ለማርታ ምድጃው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል ከፍታ፣ "ላሪም፣ የእኔ አያትም፣ ሰባቱም ልጆች እዚህ ነው የተወለዱት" አለቻትና ብቻዋን ትታት ወጣች። ማርታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ክሪስቲ የአባቱን ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ውስኪ ቀዳላት፤ ስለ ላሪ የማያውቀውን ሁሉ ያወራ ጀመር። ድንቹንና ሥጋውን የቀቀለችው፣ ያቀረበችውም ዴሊያ ናት። ስትበላ አላየኋትም።

የመሄጃ ሰዓቷ ሲደርስ ማርታ ካሜራዋን ሰጠችኝ። ክሪስቲ ሳይጠራ ሄዶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አንድ እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ። ማርታ ከጎኑ ቆማ ተጣራች። "ዴሊያ! ነይ እንጂ!"

ማርታ ገባች። ውሃ ሲፈስና ሳህን ሲጋጭ ይሰማኛል።

"ስለ እኔ ብለሽ" አለች ማርታ። "ልጆቼ ሊያዩሽ ይገባል። ከሁሉ በፊት አንቺን።"

"ያለ እሱ ሁለታችንን ብቻ ያንሳን፣ መጥቼ አብሬሽ እቆማለሁ።"

"እሱም የላሪ ደም ነው፣ ዴሊያ። እንዴት ከደጃፉ ዞር በል እለዋለሁ?"

"እንግዲያው ከእሱ ጋር ተነሺ። እኔ ግን ከዚያ ሰውዬ ጎን ቆሜ በፎቶ ቦነስ አይረስ ድረስ አልሄድም።"

ማርታ ዓይኗን እየጠረገች ብቻዋን ወጣች። ክሪስቲ ቆቡን አቃና። እኔም አነሳኋቸው።