የታቬቲ የክብር ዙር

በዚያች ትንሽ የፊንላንድ ከተማ የጋሪ ፈረስ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ላይ የታቬቲን ያህል ፈጣን ፈረሶች ያሰለፈ የለም። ዕድሜ ለእነሱ፣ በአርባ ዓመት አንድም ቀን አላሸነፈም። በዚህ ውድድር ፈረስ የሚሄደው በሶምሶማ ነው፤ ሽምጥ ከጋለበ ይሰረዛል። የታቬቲ ፈረሶች ደግሞ፣ ከእናት እስከ ልጅ፣ ጭብጨባ ከሰሙ አለቀ፣ ይጋልባሉ።

ሜዳው ሰማንያ ዓመት ሲሞላው አዘጋጆቹ ለታቬቲ አዘኑለት።

"ታቬቲ፣ የክብር ዙሩን ብቻህን ትዞራለህ። መቼም ብቻህን ሆነህ አትሸነፍም!"

ከባዝራ ፈረሶቹ አንዷን ጋሪ ላይ ጠምዶ ብቻውን ወጣ። ደጉ ሕዝብ ሊያበረታታው ተነስቶ አጨበጨበ። ባዝራዋ ሽምጥ ጋለበች። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰርዘው የኖረው ዳኛ ኤርኪም ለምዶበት ድምፅ ማጉያውን አነሳ።

"ቁጥር አንድ ተሰርዟል!"

ታቬቲ ከጋሪው ወርዶ፣ "እና ማን አሸነፈ?" አለው።

ኤርኪ ወረቀቱን በጥሞና አየ። "ያሸነፈ የለም፤ አንተ ግን ተሸንፈሃል።"