ድርቆሼን የበላችው አይጥ

ዛሬ ደባርቅ ላይ ታላቅ እህቴ እታለም የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክ በአንድ ጥያቄ ከእጄ አስጣለችኝ።

ከገበሬ ልጅነት ተነስቼ የዩኒቨርሲቲ መምህር እስክሆን ያለውን ነው የጻፍኩት። እታለም ማንበብ ስለማትችል ቤቷ ቁጭ ብዬ የተማሪነቴን ምዕራፍ አነበብኩላት። ርዕሱ «ብቻዬን» ይላል።

የኪራይ ክፍሌን፣ ኩራዜን፣ ድርቆሼን የበላችብኝን አይጥ ሳይቀር አስገብቻለሁ።

በአይጧ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ «አይጧስ እሺ በላች፤ ድርቆሹን ያመጣው ማን ነው?» አለችኝ።

እሷ ነበረች! እኔ እንድማር እሷ ትምህርት ቤት ሳትገባ ቀርታ፣ ከቡይት ራስ ተራራ ማዶ ካለው መንደራችን ደባርቅ ድረስ አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ስንቄን በጀርባዋ አዝላ የመጣችው እሷ ነበረች።

በነገራችን ላይ የማስተምረው ሶሺዮሎጂ ነው። «ሰው ብቻውን ከፍ አይልም» የሚለውን ፈተና ላይ አወጣለሁ፤ ከሳተው ተማሪም ነጥብ እቀንሳለሁ።

ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር «ተወው ወንድሜ፣ ስንቅ እኮ ተበልቶ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ምን ብሎ ይጻፋል?» አለችኝ። ቂም የሚባል ነገር ፊቷ ላይ የለም። እንደውም የአይጧን ቦታ ድገምልኝ አለች።

ርዕሱን ሰርዤዋለሁ።

የእናንተንስ ስንቅ ማን ተሸከመው? አይጧን ተዉና ስሙን ጻፉልኝ።