አዳራሹ ያለቀሰለት ራፐር

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሲያትል፣ ኦቴሎ በሚባለው ባቡር ጣቢያ አንድ ወጣት ፊት ለፊቴ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ፣ አንገቱን እየሰበቀ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። መልኩ የኛ ልጅ ነው፤ ሰላም የሚለኝ መሰለኝ። ባርኔጣዬን አነሳሁና ጎንበስ ብዬ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። እናንተስ ቤት ሁሉም ደህና ነው?» አልኩት። እሱም ቀጠለ፣ እኔም ቀጠልኩ። የጉልበቴን ሕመም ታሪክ አጋምሼው ነበር ከጆሮው ላይ አንዲት ነጭ ነገር ነቅሎ፣ «ሶሪ አባባ፣ ራፕ እየተለማመድኩ ነው» ያለኝ። በዚህ መሃል ባቡሬ ሄደ። ቀጣዩን ስጠብቅ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎች አጋማሽ አብሮኝ ይኖር የነበረው ምናሴ ትዝ አለኝ።

ምናሴን አገር ቤት ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ቆሞ የሚተኛ ዘበኛ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ ዘበኛው አንሙት ይባላል። ሲያትል መጥቶ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ ሲይዝ ደግሞ አለቀለት። ታክሲ ነጂዎቻችን በዚያ ባለፉ ቁጥር መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንሙት፣ ነቅተሃል?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ ወደምትገኘው አፓርትመንታችን ሲገባ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ብዙ ጊዜ ይቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ቲማቲም እየከተፈ፣ «ራፐር ልሆን ነው» አለኝ።

«በአማርኛ?»

«በምን ታዲያ፣ በቻይንኛ?»

«ሰው ይስቅብሃል።»

«አሁንስ ምን እያደረገ ነው?»

በዚያው ሙዚቀኛው አድርጎ ሾመኝ። ሥራዬ የቴፑን አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር፤ እሱንም አንዳንዴ እስተው ነበር። መድረክ ላይ በወጣን ቁጥር ገና አፉን ሳይከፍት ሰው ይስቃል። አንዱ ከኋላ «እንዳትተኛ!» ይላል፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ግጥሙን የሚሰማ የለም። ምናሴን ያማረው ዝና አልነበረም። የሚመኘው ሰው አንዴ እንኳ ሳይስቅ እንዲሰማው ነበር።

መከር ገብቶ ዝናቡ እንደ ልማዱ ቀኑን ሙሉ ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ ማኅበራችን የቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅት አሰናዳና ምናሴም ተጋበዘ። በዚያው ሳምንት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ታደሰ ሥራ ቦታዬ ደወሉ።

«ብቻህን ነህ?»

«ነኝ ጋሼ።»

«የምናሴ እናት ዐርፈዋል። እህቱ ናት ኮል ያደረገችልኝ። ዝግጅቱን ብንሰርዘው ልጁ ይጠረጥራል። ሶ፣ ቅዳሜን እናሳልፍና እሁድ ማለዳ መጥተን እናረዳዋለን። አደራ፣ ስልኩን ጠብቅ።»

ደንባችን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ከጎን ሆኖ ነው የሚነገረው። ቤት ገብቼ የስልኩን ገመድ ነቀልኩና ተበላሽቷል አልኩ። «አንተ የነካኸው ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ቅዳሜ በእኔ መኪና ወረድን። አንዱ የዝናብ መጥረጊያ ስለማይሠራ መንገዱ የሚታየው በእሱ በኩል ብቻ ነበር፤ እሱ «ግራ፣ ቀኝ» እያለ ይመራኛል፣ በመሃል አዲሱን ግጥሙን ያንበለብላል። ግጥሙ ስለ እናቱ ነበር። ድራማው ሲተላለፍ ቤታቸው ቴሌቪዥን ስላልነበረ፣ እናቱ ጎረቤት ደጃፍ ቆመው ነበር ልጃቸውን የሚያዩት። ዐይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም፤ በእኔ በኩል ደግሞ የሚታይ መንገድ አልነበረም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሳምቡሳው በፎይል ተሸፍኖ ግድግዳ ስር ተደርድሯል፤ የነካው ግን የለም። እዚያ ካለነው ሁሉ መርዶውን ያልሰማው ምናሴ ብቻ ነበር። መድረክ ላይ ሲወጣ አንድም ሰው አልሳቀም። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ለዚያች ቀን እንኳ አልሳትኩትም። ምናሴ እየዘለለ፣ እየፈነጠዘ ጀመረ፦

ጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆመሽ የሳቅሽልኝ፣
ቤትሽ መጣሁልሽ፣ በሩን ክፈችልኝ።

መጀመሪያ ከፊት የተቀመጡት እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ጋሼ ታደሰ አቀረቀሩ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። «አንሙት ነቅተሃል» ሲሉት የከረሙት ታክሲ ነጂዎች እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ምናሴ ይህን አይቶ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ጭራሽ ደገመላቸው።

ከመድረክ ሲወርድ ላብ በላብ ሆኖ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«አየህ? አየህ እንዴት እንደሰሙኝ? አንሙት ዛሬ ሞተ።»

«አየሁ» አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ጋሼ ታደሰና ሌሎቹ በራችንን አንኳኩ። ምናሴ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ደረጃው ላይ ተሰልፈው ሲያይ ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ለቀስተኛው ጋብ ሲል፣ ሁለታችን ብቻ ወለሉ ላይ በተዘረጋው ፍራሽ ላይ ተቀምጠን፣ «ቅዳሜ ለት ያለቀሱት ለዚህ ነው?» አለኝ።

የፍራሹን ጠርዝ አስተካከልኩ።

«እሺ ይሁን። ግጥሙስ? ግጥሙ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

ተዋናይ ነውና ፊቴን አየት አድርጎ፣ «ተወው፣ ሌላ ጊዜ ትነግረኛለህ» አለ።

ከዚያ በኋላ በየከተማው እየዞረ ጥቂት ዓመት ራፕ አደረገ። «አንሙት» ብሎ የጠራው አልነበረም ይባላል፤ ሰዉ ዝም ብሎ ያዳምጠው ጀመር። የፈለገው ይህንኑ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ደውሎልኝ፣ «አዳራሹ ዝም ሲል፣ ምን ደብቀውኝ ነው እላለሁ። ቃሉ ይጠፋብኛል» አለ። ብዙም ሳይቆይ ተወው። አሁን ሩቅ ስቴት ነው ያለው፣ የጭነት መኪና ይነዳል። በዓል ሲሆን እንደዋወላለን፤ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ጉልበቴ እናወራለን። ስለ ግጥሙ ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን «ሌላስ?» ይለኛል።

ያን ቀን እኔም ከቴፑ ጎን ቆሜ አልቅሻለሁ። ለእናቱ ይሁን ለግጥሙ፣ እስካሁን አልለየልኝም። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶብኝ፣ ለምናሴ አንዲት መልስ አለብኝ።