ከትራስ ሥር ያለው ቢላዋ

ከወለድኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ቁጭ ብዬ እንኳ እግሬ አያርፍም። ዛሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ አማካሪዋ ባለቤቴን «ስለት ያለው ነገር ለጊዜው ከአጠገቧ ይራቅ» ስትለው፣ ልደታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የነበረችው የቀበሌ ቤታችን የአብሽ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

የደርግ ጊዜ ነበር፤ እኔ ገና ልጅ ነኝ። አባቴ ዘምቷል፣ እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ናት። ሕፃኑ ሲያለቅስ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ ከበሩ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ በሩ እመላለሳለሁ። አራስን ሰይጣን እንዳይጠጋት ከትራሷ ሥር ቢላዋ ተቀምጧል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከቀበሌ ስብሰባ ቀርተው መጡ። እናቴን ቆመው ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ቢላዋውን ቀስ ብለው አወጡና በነጠላቸው ጠቀለሉት።

«እትዬ፣ ሰይጣን ይመጣባታል እኮ» አልኳቸው፣ ነጠላቸውን ይዤ።

«እሱን እኔ እጠብቅላታለሁ። ቢላዋው ግን እዚህ አያድርም።»

አልጋው አጠገብ ፍራሽ አንጥፈው ከረሙ። እኔ ሰይጣኑ ሲገባ እንዳያመልጠኝ በሩን ስጠብቅ እውላለሁ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእናቴ ላይ አያነሱም ነበር።

«ቤት ውስጥ ስለት ያለው ነገር አለ?» አለች አማካሪዋ ቀጥላ። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ።

«ከትራሴ ሥር አለ» አልኩ። «እናቴ ናት ያስቀመጠችልኝ።»