የኩዋች ግንባር

ኩዋች ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርሱ ስድስት መስመሮች አሉት። ከቤተሰቡ ጋር ኢታንግ የስደተኞች መጠለያ ሳለ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ እንደ ኑዌር ወግ አንድ ሽማግሌ በስለት ያወጡለት ናቸው። ያን ቀን በጀርባው ተኝቶ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ቢንቀሳቀስ መስመሩ ይንጋደዳል፤ የተንጋደደ መስመር ደግሞ ሰውን እስከ መቃብሩ ፈሪ ያሰኘዋል። የኩዋች መስመሮች በገመድ የተለኩ ይመስላሉ።

አዲስ አበባ ለትምህርት ሲሄድ ግን ይህን ማን ያውቅለታል? ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ በስርቆሽ ያየዋል። ደፈር ያለው ደግሞ «ምን አግኝቶህ ነው?» ይለዋል። «ወንድ ሆኜ ነው» እያለ ይመልስ ነበር።

በአገሩ ሰላም ወርዶ ጁባ ሲገባ አማራት ሰፈር ካለ አንድ ሆቴል በር ጠባቂ ሆነ። ከረታ ጋር የተወዳጁትም እዚያው ነው። ረታ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሐበሻ ነው፤ ሕልሙ ግን ፊልም ነው። አንድ ቀን ኩዋች፣ እናቱ ትነግረው የነበረውን ተረት፣ ሰው መስሎ መንደር የሚገባውን አንበሳ ታሪክ አጫወተው። የረታ ጆሮ ቆመ። «ይሄማ ፊልም ነው! እንዲህ ያለ አስፈሪ ነገር ሰምቼ አላውቅም!» ኩዋች ደስ አለው፤ ምን ይዋሻል? በዕድሜው ካያቸው ፊልሞች የእናቱን መንደር የሚመስል አንድም አልነበረም።

ደስታው የቆየው «ጭራቁን አንተ ሁን» እስኪባል ድረስ ነው።

«ለአንተ እኮ ሜካፕ እንኳ አያስፈልግም» አለው ረታ፣ ምስጋና መስሎት።

«በተረቱ ባለ መስመሩ አንበሳውን የገደለው ነው» አለ ኩዋች። «ልጄ ጆይ ሰባት ዓመቷ ነው። ግንባሬን እየዳሰሰች ነው ቁጥር የተማረችው። ፊልምህን አይታ ከእኔ እንድትሸሽ ነው?»

«ፊልም እኮ ነው ወንድሜ፣ አታካብደው።»

«አላካብድም። አልሠራም። ከላስ፣ በቃ!»

ረታም እልኸኛ ነው። መልከጼዴቅ የሚባል መልከ መልካም አስተናጋጅ አመጣና ጭራቅ አደረገው፤ ፀጉር ቤት ያላት ማርቲ ስድስቱን መስመር በዓይን ኩል እንድትስልለት አዘዘ። ጭራቁን ሲያዩ እንዲሸሹ የተመረጡት መንደርተኞች ጉዴሌ ሰፈር የሚኖሩ የኩዋች ዘመዶች ነበሩ። ኩዋች «አትሂዱ» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። የሚሠራውን ግፍ በዓይኑ ሊያይ አብሯቸው መጣና እጁን አጣጥፎ ቆመ።

ቀረጻው ተጀመረ። መልከጼዴቅ እያጓራ ከአንድ ቤት ጥግ ብቅ አለ። የሸሸ የለም። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ግንባሩን መረመሩና በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ቀረጻውን ደገሙት፤ ሳቁ ባሰ። በሦስተኛው ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ተቀመጡ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ ረታ በንዴት።

«‹ሲቆረጥ አልቅሷል› ነው የሚሉት» አለ ኩዋች። « መስመሩን ተመልከተው፣ ተንጋዷል። ጭራቅ ሳይሆን ፈሪ ነው ያመጣህልን።»

«ታዲያ አንተ አስተካክልለታ! ማርቲ፣ ኩሉን ስጪው።»

ኩዋች ኩሉን ተቀበለና ኪሱ ከተተው።

«ይሄ አይሳልም፣ ረታ። ስለቱን ችሎ የተኛ ነው የሚያገኘው። ጥረጉለት።»

«ከጠረግነውማ ሰው በምን ይፍራው?»

«የእናቴን ተረት ሳትሰማ ነው የወሰድከው» አለ ኩዋች፣ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንበሳው ሰው መስሎ ሲመጣ ያማረ ነው፤ ፈገግታ ያውቃል፣ ሰላምታ ያውቃል። ግንባሩ ግን ልሙጥ ነው። ማን እንደቆረጠው ብትጠይቅ የለም፤ አብሮት የተቆረጠ እኩያ ብትፈልግ የለም። የማንም ልጅ አይደለም። እኛ የምንፈራው እሱን ነው።»

ረታ ዞር ብሎ የመልከጼዴቅን ግንባር አየ። ከዚያ መሀረቡን አውጥቶ ለማርቲ ሰጣት።

መልከጼዴቅ ተጠርጎ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አላጓራም። ልሙጥ ግንባሩን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ኩዋች እንዳስጠናው በኑዌርኛ «ማሌ» ብሎ ሰላምታ ሰጠ። የሳቀ አልነበረም። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።