ታናሼ ይቅደም

በኩማሲ ከተማ፣ ሱዋሜ ማጋዚን በሚባለው የጋራዥ ሰፈር ውስጥ አድጄይን የማያውቅ ሜካኒክ የለም። ሌላው በመፍቻ ሲታገል እሱ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የሞተሩን ኮምፒዩተር ከፍቶ፣ ውስጡ የተጻፈውን ቁጥር እየለወጠ ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል። እጁ ወርቅ ነው። ጆሮው ግን... ተዉት፣ እሱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ታናሽ ወንድሙ ኦዱሮ ወደ ቴቺማን ከተማ የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ኦፊንሶ አጠገብ መታጠፊያው ላይ መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ገጨ። ሴትዮዋ አልተረፈችም። ሰው «ሲበር ነው» አለ፤ ኦዱሮ «ፍሬን ነው የከዳኝ» አለ። የቤተ ዘመዱ አለቃ ናና ፎርጁር ዘመድ አዝማዱን ሰበሰቡ። የሚኒባሱ ኮምፒዩተር በዚያች ደቂቃ የነበረውን ፍጥነት መዝግቦ ስለያዘ፣ አንብቦ እንዲነግራቸው አድጄይን ጠየቁት።

ቁጥሩ በኮምፒዩተር አጻጻፍ ሁለት ቁራጭ ነበር፤ 2E እና 13። ከሁለቱ አንዱ ታላቅ፣ ሌላው ታናሽ ነው። ቦታቸውን ካቀያየርክ ሌላ ቁጥር ይወጣል። አድጄይ አላመነታም። በአሻንቲ ቤት ማን ይቀድማል? ታላቅ! ፉፉ የሚባለው ገንፎ ሲቀርብ ቀድሞ እጁን የሚታጠበው ታላቅ ነው። እናም ፊት የተጻፈውን ታላቅ ብሎ አነበበው፤ በሰዓት መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሆነ።

«ወንድምጋሼ፣ ስማኝ እንጂ!» አለ ኦዱሮ። «አምሳ እንኳን አልሞላሁም!»

«ዝም በል! መቶ አሥራ ስምንት ነበርክ።»

«ከእኔና ከማሽን ማንን ነው የምታምነው?»

«ማሽን አልቅሶ ሰው አያታልልም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሾፌሮቹ ከማኅበራቸው አባረሩት። በመንገድ ሲያልፍ «መቶ አሥራ ስምንት መጣ!» ይሉት ጀመር። ስሙን እንኳ ቀሙት፣ ምስኪን! ታማሌ ከተማ ሄዶ ገበያ ውስጥ ጆንያ ሲሸከም ከረመና በዓመቱ ወባ ገደለው። ሬሳው ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ቀይና ጥቁር ለብሶ ለቅሶ ወጣ። አድጄይ ያን ቅዳሜ ቱታውን ለብሶ ሞተር ሲፈታ ዋለ። እንዲህም ያለ ጭካኔ አለ!

ባለፈው ሰኞ አንድ ሰው ጉልበት እንዲጨመርለት የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ። ኮምፒዩተሩ ከኦዱሮ ሚኒባስ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ከዚያች ሚኒባስ በቀር አድጄይ እጅ ገብቶ አያውቅም። ሞተሩን አስነስቶ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አነበበ፤ ሃያ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት። ዳሽቦርዱ ደግሞ ስምንት መቶ አምሳ ይላል።

«ማስተር፣ መኪናዬን አውሮፕላን አደረግካት እንዴ?» ብሎ ባለመኪናው ሳቀ።

አድጄይም እየሳቀ ቁራጮቹን ገለበጣቸው። ፊት የተጻፈውን ታናሽ፣ ኋላ ያለውን ታላቅ አድርጎ ሲያነበው ልክ ስምንት መቶ አምሳ ሆነ። ለካ ይሄ ኮምፒዩተር የሚያስቀድመው ታናሹን ነው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ምነው ማስተር? አመመህ?»

አድጄይ መሳቢያውን ከፍቶ ያኔ የጻፈባትን ወረቀት አወጣ። 2E፣ 13። ገለበጠው። አርባ ዘጠኝ ነጥብ አንድ።

አምሳ እንኳን አልሞላሁም ብሎት ነበር።

አበስኩ ገበርኩ! ያኔ ማሽኑ ሃያ ሺህ ብሎት ቢሆን ይነቃ ነበር። መቶ አሥራ ስምንት ግን የሚታመን ቁጥር ነው፤ ሾፌርን ለማማት ደግሞ ማን ይሰንፋል? ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እሱ የነከሰው የገዛ ወንድሙን ነው። ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ባለመኪናው ፊት፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰውን አለቀሰ።

እሁድ ዕለት ናና ፎርጁር ዘንድ ዘመድ አዝማዱን አስጠራ።

«አርባ ዘጠኝ ነበር» አላቸው። «ልጁ አልዋሸም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። ናና ምርኩዛቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

«እንግዲህ ተናገር፣ አድጄይ» አሉ። «ታላቅ ነህ። የምትለውን በል።»

«እኔ ያን ቀን ተናግሬያለሁ፣ ናና። ዛሬ ታናሼ ይቅደም።»

ናና ቀና ብለው ኦዱሮ ይቀመጥባት የነበረችውን ባዶ ዱካ አዩ። አድጄይ አንገቱን ደፍቶ የታናሹን ቃል ጠበቀ።