የበርበሬው መጋዘንና የማይረጋው ደም

ወታደሮች ቡሬ ላይ ከሚኒባስ አውርደው ፍኖተ ሰላም ወስደው ያስገቡን ቤት የበርበሬ መጋዘን ነበር። በርበሬው ቢወጣም ብናኙ ከወለሉ አልወጣም። መርማሪዎቹ እንኳ ስለ ፖለቲካ የሚጠይቁን እያስነጠሱ ነው።

አብሮኝ የተያዘው ሽንዲ ከተማ የሚያስተምር መምህር ነበር፤ ፊቱ ያበጠ፣ ውኃ የማይጠግብ ሰው። ቀድመውን የታሰሩ አንድ ቄስ አዩትና፣ «እንግዳ ታሟል፤ መደቡ ሳይጠረግ አይተኛም» ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ወለሉን ጠረጉለት። የአገራችን ወግ ነው። ብናኙ ተነሣ፤ ቤቱ ሁሉ አስነጠሰ። መምህሩም አስነጠሰና ከአፍንጫው ደም ወረደ። አልቆም አለ።

ቄሱ አናቱ ላይ ውኃ ሊያፈሱ ሲነሡ፣ መምህሩ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን እንደቆነጠጠ ረጋ ብሎ አስረዳቸው።

«አባ፣ አይድከሙ። ኩላሊቴን የያዘኝ በዘር የሚወርድ፣ እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው። ወንድሜንም ይዞት ነበር። ደም ውስጥ ቁስል የሚደፍኑ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የኔዎቹ ቁጥራቸው አልጎደለም፤ ኩላሊቴ ደሜን ስለማያጣራ መያያዝ ነው ያቃታቸው።»

«ሞልተው የማይያያዙ?» አሉ ቄሱ። «እንግዲያ የኛው አገር ሰዎች ናቸዋ።»

«አያስቁኝ፣ አባ» አለ። ደሙ ጨመረ።

ጠባቂውን ሐኪም ቤት ውሰዱት ብንለው፣ መኪና እስኪመጣ ጠብቁ አለን። መምህሩ፣ «ደግሜ ካላስነጠስኩ ይረጋ ይሆናል» አለ።

«በሉ ልጆቼ፣ ብናኙ እንዳይቦን ኸዚህ ወዲያ ማንም እንዳይነሣ» አሉ ቄሱ።

ማንም አልተነሣም። ያ ሁሉ ወንድ፣ ስለ ቦታ ሲገፋፋ ያረፈደ፣ ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ አለ። እግሩ የደነዘዘበት አልዘረጋም፤ ቅማል የበላው አላከከም። አንዱ ማስነጠስ ቢመጣበት ፊቱን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ እንባው እስኪወርድ ታገለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ቅዳሴ ላይ እንኳ አላየሁም። ገረመኝ፤ ትንሽም ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂው በሩን ከፈተ። ቄሱ በጣታቸው ወደ እግሩ ጠቆሙት። ጠባቂው መምህሩን አየ፣ እኛን አየ፣ ከስክስ ጫማውን ደጃፉ ላይ አወለቀና በካልሲው እየተራመደ ውኃ አቀበለው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሙ ቆመ። መኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ ሲወጣ ጫማውን አላደረገም፤ በእጁ ይዞ፣ በመካከላችን ቀስ ብሎ አለፈ።

ዛሬም ያስተምራል ይላሉ። እኔ ቡሬ ገበያ በርበሬ ተራ በደረስኩ ቁጥር፣ ሰው እያስነጠሰ ሲጋፋ፣ ቀስ ብዬ እረግጣለሁ።